በሰበታ መንገድ ዳር የጣልኳቸው ጎማዎች

ስለ ብስክሌት ዘመኔ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ስንት ጊዜ አሸነፍክ?» ይለኛል። አንድም ጊዜ አላሸነፍኩም። ይህን ስነግረው ጠያቂው ቶሎ ብሎ ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞረዋል። አልቀየመውም፤ ሰው የሚወደው የአሸናፊ ወሬ ነው። የሚያናድደኝ ነገሩን ሳያውቅ ማዘኑ ነው። የኔ ሥራ ማሸነፍ አልነበረም። በጣልያን ጊዜ ከሦስት ዓመት በላይ ደመወዝ የተከፈለኝ ሌላ ሰው እንዲያሸንፍ ነፋስ ለመስበር ነው።

ብስክሌት ለማያውቅ ላስረዳ። በፍጥነት ለሚነዳ ሰው ትልቁ ጠላት ዳገት አይደለም፣ ነፋስ ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል፤ ከኋላው ተለጥፎ የሚመጣው ግማሽ ጉልበቱን ይቆጥባል። ቤርቶ የሚባል ጣልያን ነበር፤ በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት መካኒክ ሆኖ ይሠራል፣ እሑድ እሑድ ከመሰሎቹ ጋር በብስክሌት ይወዳደራል። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ከኮልፌ ተነሥቼ እስከ ሰበታ ከፊቱ እየነዳሁ አለማምደው ነበር። ሙሉውን መንገድ ትንፋሹን ማጅራቴ ላይ እሰማለሁ። የመጨረሻው ዳገት ጫፍ ላይ ስንደርስ ከጀርባዬ ብቅ ይልና አልፎኝ ይሄዳል። ሁልጊዜ ካለፈኝ በኋላ ዞሮ ይስቃል። የምስቀው እኔ መሆን ነበረብኝ፤ ብፈልግ አስቀረው ነበርና።

ብስክሌቱም የኔ አልነበረም። የሱ አሮጌ ነው። ካቴናውን የማጥበው፣ ጎማውን የምጠግነው ግን እኔ ነኝ። እጄ ደህና ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት የአንድ ነጋዴን ደብዳቤና ዕቃ በብስክሌት ሳመላልስ የተማርኩት ነው።

አሁን የኮልፌን ሰው ነገር ልናገር። በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት፣ ከተማው ውስጥ የሆነውን የማያውቅ የለም፤ አልደግመውም። ከሰፈራችን የአቶ ገብረአምላክ ልጅ ሥራ ውሎ ሲመለስ መንገድ ላይ ቀረ። አቶ ገብረአምላክ የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ ናቸው፤ ማኅበሩን የሚሰበስቡት፣ የተጣላውን የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ከሞተ በኋላ ድምፃቸው እንኳ ቀነሰ። ከዚያ ሰባት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም ላይ፣ እኔ ሀብተሥላሴ ከፊት፣ ጣልያን ከኋላ ሆነን በደጃቸው አለፍን። እስቲ እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ያሉትን አሉ። ባንዳ አሉኝ።

ያልነገርኳቸው ነገር ነበረ። ታላቅ ወንድሜ መኳንንት ከጦርነቱ በፊት ወታደር ነበር፤ ከየካቲቱ በኋላ ወጨጫ ተራራ ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ተቀላቀለ። ለሰፈሩ ቆላ ወርዶ ነው፣ ንግድ ላይ ነው እል ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ጧት የማገዶ እንጨት ተሸክሞ፣ እንጨት ሻጭ መስሎ ቤቴ መጣ። ቤርቶ ሥራ እንደጠየቀኝና እምቢ ልለው እንደሆነ ነገርኩት። መኳንንት እንጨቱን አውርዶ ተቀመጠና አሰበ።

«እሺ በለው» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«እኔ ከሰበታ እዚህ ለመምጣት ሦስት ኬላ ዞሬ፣ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አንተ ነጭ አስከትለህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ታልፋለህ። ማን ይፈትሽሃል? እኛ ጋ ጨው የለም፣ መርፌ የለም፣ ኪኒን የለም። ቆላ ስንወርድ ንዳድ ይዞን ነው የምንመለሰው።»

«ሰውስ ምን ይለኛል?»

«ይልሃል። ሆድ ይፍጀው። ለአንድ ሰው ከነገርክ ለሁሉም ነገርክ ማለት ነው። ይሄ ነገር ሲያልፍ እኔ ራሴ ማኅበሩ መሃል ቆሜ እመሰክርልሃለሁ። አቶ ገብረአምላክ ፊት።»

ያን ቃል ስንቅ አድርጌ ያዝኩት። ከመኳንንት በቀር ምስክር አልነበረኝም፤ እሱ በሕይወት ካለ እኔም አንድ ቀን ሰው እሆናለሁ ማለት ነው። የለፋሁት ሁሉ ለዚህ ነው።

አሠራሩን ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ። የውድድር ብስክሌት ጎማ ቀጭን ነው፤ እንደ አንጀት ድፍን ሆኖ በውስጥ በኩል በክር የተሰፋ ነው። ሲበሳ ስፌቱ ይፈታል፣ የውስጡ ጎማ ይጠገናል፣ ተመልሶ ይሰፋል። ነጂ ሁሉ መለዋወጫ ጎማ በሁለቱ ትከሻው ላይ አጣምሮ አሥሮ ይጓዛል። እኔ ያረጀውን ጎማ እፈታና የውስጡን አውጥቼ በቦታው በጨርቅ የተጠቀለለ ጨው፣ ኪኒን፣ መርፌና ክር፣ አንዳንዴም ክብሪት እከትበታለሁ። ከዚያ እሰፋዋለሁ። ኪኒኑን መርካቶ ከባለሱቁ ከረሻድ እገዛለሁ፤ ረሻድ ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም፣ ነፍሱን ይማረው። ኬላ ላይ ኪሴን ይበረብራሉ፣ የበሶዬን ከረጢት ያሸታሉ። ትከሻዬ ላይ ያለውን ጎማ ግን አንድም ቀን የነካው የለም።

ሰበታ ስንደርስ ቤርቶ አንድ ጣልያን የከፈታት ቤት ገብቶ ማኮሮኒውን ይበላል። እኔ መግባት በሕግ ክልክል ነው። ውጭ ከግድግዳው ጥግ ሆኜ በሶዬን በጥብጬ እጠጣለሁ፤ ረቡዕ ዓርብ ባይሆንም ጾሜን የምውል ነው የምመስለው። ብቻዬን መሆኔ ግን ጠቀመኝ። የሚያየኝ ስለሌለ ያንን ጎማ፣ ያለቀለት ነው ብዬ፣ መንገዱ ዳር ካለው ቦይ እጥለዋለሁ። ከቦዩ ማዶ የቀጄላ ማሳ ነው። ቀጄላ ጎማውን እንዲያነሣ መኳንንት ያዘጋጀው የሰበታ ገበሬ ነው፤ ረዥም፣ ዝምተኛ፣ አማርኛው ትንሽ። አሮጌ ጎማ ለቅሞ ጥጃ ማሰሪያ ቢያደርግ ማን ምን ይለዋል? ከሱ ጋር አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እጁን ያነሣል፣ እጄን አነሣለሁ። በሳምንቱ ስመጣ ጎማው የለም። ጎማው ከሌለ መኳንንት ደህና ነው፤ እኔ እንደዚያ ብዬ ነበር የማነበው።

ለኮልፌ ግን የሚነበብ ነገር አልነበረኝም። በዚያው ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ማኅበሩን የማስተናግደው እኔ ነበርኩ። ሚስት የለኝም፤ ስለዚህ ወይዘሮ ሰርኬ የሚባሉ አሮጊት ጠላውን ጠመቁልኝ፣ ድፎውን ደፉልኝ። ቤቱን ጠረግሁ፣ ጉዝጓዝ ጎዘጎዝኩ፣ ለአሥራ ሁለት ሰው መቀመጫ ደረደርኩ። ረፋድ ሆነ። ቀትር ሆነ። ጉዝጓዙ ጠወለገ። ማታ ላይ ወይዘሮ ሰርኬ መጥተው ጋኖቹን አዩና «ጽዋው እኮ ዱባለ ቤት ገብቷል፣ ልጄ» አሉኝ። እኔን ዘሎ ማለት ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ ለአሥራ ሁለት ሰው የተጠመቀ ጠላ ብቻውን ስለሚጠጣ ሰው ግን የተባለ ነገር የለም። ስምንት ቀን ጠጣሁት። በስምንተኛው ቀን ኮምጥጦ ነበር፤ እልህ ይዞኝ እሱንም ጠጣሁት።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የሚመልስልኝ አጥር ብቻ ሆነ። ጎረቤቴ ሸዋገነት እኔ ሳልፍ ዶሮዎቿን ትሰበስባለች፤ ባንዳ ዶሮ ይሰርቃል ያለ ሰው ባይኖርም ትሰበስባለች። ወይዘሮ ሰርኬም በዓመቱ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ ከግራም ከቀኝም ሁለት ክንድ ያህል ቦታ ተውልኝ። ብስክሌቱን ማናገር ጀመርኩ። «ዛሬ ነፋስ አለ» እለዋለሁ። አንዳንዴ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ የሰው ኮቴ ሲመጣ እሰማና እነሣለሁ፤ አልፎ ይሄዳል፤ እቀመጣለሁ። ብቸኝነት ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ያ ነው፣ ተነሥቶ መቀመጥ ነው።

በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ቀጄላ ማሳ ዳር ካለው ድንጋይ ሥር ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። የመኳንንት እጅ ጽሑፍ ነው፤ «ንዳዱ ተመልሶብኛል። ኪኒን» ይላል። ከዚያ በኋላ ጨውን ቀንሼ ኪኒን አበዛሁ። ሌላ ወረቀት አልመጣም። ጎማው ግን በየሳምንቱ ይነሣል፤ ስለዚህ ተጽናናሁ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ቀጄላን አየሁት። ራሱን ተላጭቷል፣ ኩታውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ሐዘን ላይ ነው። ምስኪን፣ ልጁ ይሆን ሚስቱ ብዬ አዘንኩ። ቤርቶ ከኋላዬ ስለነበር አልቆምኩም፤ በአጠገቡ ሳልፍ ብቻ «እግዚአብሔር ያጥናህ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን ቤርቶን አየና ፊቱን አዞረ። ማታ ስጸልይ፣ ለማላውቀው ለዚያ ሰው ሟች ነፍስ ይማር አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀጄላ እኔ ሳልፍ ሥራውን ትቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለብስክሌት ችሎታዬ የሚነሣልኝ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። በዓለም ላይ የሚነሣልኝ አንድ ሰው ተገኘ አልኩ። ሞኝነት አያልቅም።

ሚያዝያ ላይ በወጨጫ በኩል ተኩስ በረታና የሰበታ መንገድ ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልወጣንም። የሰፋሁት ጎማ፣ ኪኒን የሞላው፣ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ያየኛል። መኳንንት ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ ይመጣብኛል።

በዚህ መሃል ቤርቶ እየሳቀ መጣ። በግንቦት የመጀመሪያው እሑድ ትልቅ ውድድር አለ፣ መንገዱ ለዚያ ቀን ብቻ ይከፈታል፣ አበሻም እንዲገባ ተፈቅዷል አለኝ። የተፈቀደው ግን እንዲህ ነው፤ ነጮቹ ከተነሡ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው የምንነሣው። የአበሻ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ለሕዝቡ ለማሳየት ነው አሉ። «አንተ ትደርስብኝና ነፋስ ትሰብርልኛለህ» አለ ቤርቶ። እሺ አልኩት። ልቤ ግን ሌላ አለ። ውድድሩ ሰበታ ደርሶ መልስ ነው፤ የሚነሣውም የሚያልቀውም ዛሬ ጦር ኃይሎች ከምትሉት መስቀለኛ መንገድ ነው፤ የኮልፌ ሰው በሙሉ እዚያ ይቆማል። ሁለት ደቂቃ የቀደሙኝን ጣልያኖች ሁሉ ጥያቸው በሰዉ ፊት ብገባ፣ ማን ባንዳ ይለኛል? አቶ ገብረአምላክ እንኳ ባይስቁ ቀና ይላሉ። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

ግድግዳው ላይ ያለው ጎማስ? ሳልቆም ልወረውረው አልችልም። ከኋላ ዳኛ በሞተር ብስክሌት ይከተላል፤ ደህና መለዋወጫ ጎማ ያለ ምክንያት የሚወረውር ነጂ ያየ ሰው ወርዶ ያነሣዋል። የሚቻለው አንድ ብቻ ነው። ጎማዬ የተበሳ መስሎ መቆም፣ መፍታት፣ በሌላው መቀየር፣ ኪኒን ያለበትን ደግሞ የተበሳው እሱ ነው ብሎ መጣል። ይህን ማድረግ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። አምስት ደቂቃ ማለት ውድድሩ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ እሑድ ጧት ሁለት መለዋወጫ ትከሻዬ ላይ አጣምሬ ወጣሁ፤ አንዱ ጎማ፣ አንዱ ኪኒን። እዚያ ስደርስ እወስናለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

አራት አበሾች ነበርን። ነጮቹ ሄዱ። ዳኛው ሰዓቱን እያየ ያዘን። ያ ሁለት ደቂቃ እንዴት እንደረዘመ። ሲለቀን ከጀርባዬ ማንም እንደሌለ ሰማሁ፤ ማጅራቴ ላይ ትንፋሽ የለም። ስንት ወር ለሌላ ሰው የሰበርኩት ነፋስ ያን ቀን ለራሴ ብቻ ሆነ። እግሬ ቀለለኝ። የኮልፌ ሰው የቆመበትን ሳልፍ አቶ ገብረአምላክን በትራቸውን ተደግፈው አየኋቸው። ከሰዉ መሃል የአንዲት ሴት ድምፅ «የኛው ሰው ነው እኮ» አለ። የኛው አለች። ሃያ ወር ሙሉ ያልሰማሁት ቃል ነው፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ መንገዱ ጠፋኝ።

ዓለም ገና ላይ ደረስኩባቸው። አንድ በአንድ አለፍኳቸው። ቤርቶ ሲያየኝ ጮኸና ከኋላዬ ተለጠፈ፤ እንደ ልማዱ። ሌሎቹ እየራቁ ቀሩ። ሰበታ ስንቃረብ ከፊታችን ማንም አልነበረም፤ ቤርቶም ሲያለከልክ ይሰማኛል፣ ስንመለስ የመጨረሻው ዳገት ላይ አራግፌው እንደምሄድ አውቄዋለሁ። ያን ያህል ቅርብ ነበርኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ የሚያምነኝ ስለሌለ አሁን እዚህ እጽፈዋለሁ።

የቀጄላ ማሳ መጣ። ቀጄላ ቦዩ ዳር ቆሟል። ኩታው አሁንም እንደተዘቀዘቀ ነው። እሱን ሳይ መኳንንት ትዝ አለኝ፤ እንጨቱን አውርዶ ተቀምጦ ሲያስብ። የሰዉ ጭብጨባ ለአንድ ቀን ነው፤ ወንድም ከሞተ አይመለስም አልኩ። እጄ ፍሬኑን ያዘው።

ቤርቶ እየተሳደበ አልፎኝ ሄደ። ጎንበስ ብዬ የጎማዬን ንፋስ አስለቀቅሁ። ከኋላ የነበሩት ሁሉ እየመጡ አለፉ። ሞተር ብስክሌቱ ላይ ያለው ዳኛ ጎማዬን አየና ሳቀ፣ ሄደ። ደህናውን ጎማ አሰርኩ፣ ነፋሁ፣ ኪኒን ያለበትን ቦዩ ውስጥ ጣልኩት። ቀና ስል ቀጄላ ሁለት እርምጃ ወደ እኔ መጥቶ ቆሞ ነበር። እጁን አፉ ላይ ጭኗል። ራሱን ይነቀንቃል። በመሸነፌ ያዘነልኝ መሰለኝ። «አይዞህ» አልኩት፤ እኔ ነኝ አይዞህ ያልኩት። ነድቼ ሄድኩ።

ከሁሉ ኋላ ገባሁ። የኮልፌ ሰው ወደ ቤቱ መበታተን ጀምሮ ነበር። ያቺ የኛው ያለችው ሴት ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ አንድ ሰው ግን እግሬ ሥር እንትፍ አለ። ቤርቶ ዋንጫውን ታቅፎ ፎቶ ይነሣል። ሲያበቃ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ከጓደኞቹ ጋር ሄደ። ብስክሌቱን እየገፋሁ ቤቴ ገባሁ። ኪኒኑ ደርሶለታል፣ ኪኒኑ ደርሶለታል እያልኩ ተኛሁ። ሰኞን ሙሉ ከአልጋ አልተነሣሁም፤ የመጣብኝም ሰው የለም።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ኮቴ ሰማሁ። የአንድ ሰው አይደለም፣ የብዙ ሰው ነው። እንደ ወትሮው ሊያልፍ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አላለፈም። ደጄ ላይ ቆመ። በሩ ተንኳኳ።

ጎህ ሲቀድ ብዙ ሰው ሰብሰብ ብሎ ወደ አንድ ሰው ቤት የሚሄደው ለምን እንደሆነ ያገራችን ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔ ግን ዓመት ከመንፈቅ ሰው ያልረገጠው ቤት ውስጥ ኖሬ ረስቼው ነበር። በሩን ከፈትኩ። አቶ ገብረአምላክ ናቸው። ከኋላቸው ዱባለ፣ ሸዋገነት፣ የማኅበሩ ሰዎች፣ ቄሱ። ግቢዬ ሙሉ ሰው። እሑድ ስነዳ አይተው ሊታረቁኝ መጡ አልኩ። ደስታ እንዴት ያለ ደስታ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ግቡ፣ ግቡ እንጂ» እያልኩ ተሯሯጥኩ። ሁለት በርጩማ ነበረኝ፣ አወጣኋቸው። ሣጥኑን ጎተትኩ፣ አልጋውን አነጠፍኩ። «ለሁሉም አይበቃም፣ ይቅርታ፣ ዱባለ አንተ እዚህ» እላለሁ። ማንም አልተቀመጠም። ሁሉም ቆመው ያዩኛል።

«ሀብተሥላሴ፣ አንተ ተቀመጥ» አሉኝ አቶ ገብረአምላክ።

«እርስዎ ይቀመጡ እንጂ፣ እኔማ ቤቴ ነው።»

«ተቀመጥ ልጄ።»

ያን ጊዜ ሸዋገነትን አየኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ከሷ ኋላ፣ በሩ ጋ፣ አንድ ረዥም ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። ቀጄላ ነው። ክንዱ ላይ የኔን ጎማዎች እንደ አምባር ደርድሮ ይዟል፤ ሁሉንም፣ አንድም ሳይጥል። ኩታውን አየሁ። በመጋቢት ያየሁት ኩታ ነው። ዱባለና ቄሱ በግራና በቀኝ ያዙኝ።

«መኳንንት ዐርፏል» አሉ አቶ ገብረአምላክ። «በመጋቢት መጀመሪያ። ንዳዱ ነው።»

ቀጄላ ጎማዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ቤቴ ነው የሞተው» አለ ቀስ ብሎ። «ወንድሜ ነበር፤ ሁለት ዓመት አብረን በላን። አንተ በመንገድ ትመጣለህ፣ ብቻህን ትመጣለህ፣ ኋላህ ጣልያን አለ። መርዶ በመንገድ ለብቻው ሰው እንዴት ይነገራል? እንጨት ይዤ እዚህ መጣሁ። ይሄ ባለ ብስክሌት ሰው አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የለውም አሉኝ። ተመልሼ መጣሁ። የለውም አሉኝ። እሑድ ግን ከፊት ሆነህ ስትወርድ አየሁ። ለሞተ ሰው ስትወርድ አየሁ። ከዚያ በኋላ ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም። መጥቼ ሁሉን ነገርኳቸው።»

«የለውም ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ገብረአምላክ። በትራቸው ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም። «ሁለቱንም ጊዜ እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ጮህኩ። አብረውኝ ጮኹ።

ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴ ሰው አልጎደለበትም። ለውጭ ሰው ቆላ ለንግድ ወርዶ በንዳድ ሞተ ተባለ፤ ያልነው ሁሉ እውነት ነበር፣ ከንግዱ በቀር። አቶ ገብረአምላክ ከአጠገቤ ሳይነሡ አደሩ። የልጃቸውን ነገርም ያን ጊዜ ነው ያወሩኝ፤ ማን ጫማውን እንዳገኘው፣ የት እንዳገኘው። በሠኔ ሚካኤል ጽዋው ወደ ቤቴ ገባ። መኳንንት ማኅበሩ መሃል ቆሜ እመሰክርልሃለሁ ብሎኝ አልነበር? ቃሉን ጠበቀ ማለት ነው።

መንገዱ ተከፍቶ ቤርቶ ሲጠራኝ ሄድኩ። ወጨጫ ላይ ሌሎች ነበሩና ጣልያን እስኪወጣ ድረስ ነፋስ ስሰብር ጎማ ስጥል ቆየሁ። ልዩነቱ፣ ጨውን ሸዋገነት ወቅጣ ታመጣልኝ ነበር። ዶሮዎቿም በግቢዬ መዋል ጀመሩ።

ይሄ ሁሉ ካለፈ ብዙ ዘመኑ ነው። አሁንም ግን ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ አንድ ነገር እደግማለሁ፤ «ይሄንንማ ፈትቼሃለሁ እኮ» ይሉኛል፣ እኔ ግን እደግመዋለሁ። ያን ማክሰኞ በሩን ስከፍት፣ በርጩማ ፍለጋ ስሯሯጥ፣ ወንድሜ አፈር ከለበሰ ሦስተኛ ወሩን ይዞ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰው መጣልኝ ብዬ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።